አቶ ዘለቀ የነቀሉት ደኅና ጥርስ

አቶ ዘለቀ መሞታቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። የነገረኝ የቡልጋ ሰው ነበር። እሑድ ከጊዮርጊስ ስንወጣ ደጁ ላይ ያዘኝና ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ሁሉ አውርቶ ጨርሶ፣ ሊሰናበተኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ «ለካ አልሰማህም፤ ጉጠቱ እኮ ዐረፉ» አለኝ። የሞት ወሬ ለመሰነባበቻ የሚያስቀምጥ ሰው አልወድም። ተቆጣሁት። «ምን ያስቆጣሃል? ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ በአልጋቸው ላይ፣ ንስሐቸውን ገብተው ነው የሞቱት» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ድረስ በየት በኩል እንደሄድኩ አላስታውስም።

ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አራዳ ብቻ ነበር የሚባለው። ከገበያው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ፣ የቆርቆሮ ክዳን ካላቸው ጠባብ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ አቶ ዘለቀ ጥርስ ያክሙ ነበር። ሙያውን የተማሩት ከአንድ አርመናዊ ሐኪም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ዕቃውን እየቀቀሉ፣ ቀጥሎ መብራት እየያዙ፣ በመጨረሻም ከጎኑ ቆመው እየሠሩ ኖሩ። ሙሴው እየተባለ የሚጠራው ይኸው ሐኪም ወደ ግብፅ ሲሄድ ወንበሩንና ጉጠቶቹን ትቶላቸው ሄደ። «ጉጠቱ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ያው አራዳ ነው። አራዳ ቅጽል ስም ሳይለጥፍበት የተወው ሰው የለም፤ እኔን እንኳ ጣቴ ከቀለም ስለማይጠራ «ብልቃጥ» ይሉኝ ነበር። እኔ ሲሉኝ እናደዳለሁ። እሳቸው ግን «ይሄ ስም ሥራዬን ይናገራል፤ አባቴ ያወጣልኝ ምን ይናገራል?» እያሉ ይስቁ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የሚሠሩት ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በበሩ ቀጥ ብላ በምትገባበት ሰዓት ብቻ ነው። ወንበሩ ወደ በሩ የዞረ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው የሕመምተኛውን ጉሮሮ ሳይቀር እያየ ያልፋል። ያፈረ ሰው «በሩ ይዘጋልኝ» ሲላቸው «የማክመው ጥርስዎን ነው ወይስ በሩን?» ይላሉ። ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ በዓይናቸው ያያሉ፣ ቀጥሎ በጣታቸው ይነካሉ፣ ከዚያ ሕመምተኛው ራሱ በጣቱ እንዲያሳያቸው ያደርጋሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ ጉጠት አያነሡም።

የተዋወቅነው መንጋጋዬ አብጦ የሄድኩ ጊዜ ነው። ነቀሉልኝ። በጨው ውሃ ተጉመጥምጬ ልነሣ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«የት ትሄዳለህ? ያወጣሁትን እይ እንጂ።»

ጥርሱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው የጠቆረውን ጎኑን፣ የተበላውን ሥሩን አሳዩኝ። «ማየት አልፈልግም» አልኳቸው።

«ያንተ እኮ ነው። ካላየኸው ትክክለኛውን ማውጣቴን በምን ታውቃለህ?»

ገበያው ውስጥ ጥርስ የሚነቅሉ ሌሎችም ነበሩ። እነሱ የነቀሉትን ወዲያው ጭቃ ውስጥ ወርውረው «ተገላገልክ!» ብለው ጀርባህን መታ መታ አድርገው ነው የሚሸኙህ። አቶ ዘለቀ ግን ጥርሱን ሳያሳዩ የሸኙት ሰው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ እያልኩ ደጃቸው ላይ መቀመጥ ልማድ ሆነብኝ።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ አንድ ኮት የለበሰ የአራዳ ጎረምሳ መጣና የፊት ጥርሱን ነቅለው በምትኩ የወርቅ እንዲያደርጉለት ጠየቃቸው።

«ታምሃለች?» አሉት።

«ኧረ ምንም አታመኝም! ፈገግ ስል እንድታበራልኝ ነው።»

«አፍህን ዝጋ።»

«አሁን እኮ ነው ክፈት ያሉኝ!»

«ደኅና ጥርስ የሚነቅል ሐኪም አይደለም፤ ሌባ ነው። ሂድ፣ በነጩ ሳቅበት።»

ጎረምሳው በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና «ካልነቀሉ ታዲያ ምኑን ጉጠት ሆኑ!» አላቸው። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ዘለቀም አብረው ሳቁ፤ አልነቀሉለትም እንጂ።

በዚያን ጊዜ እኔ ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቀማሚዎች ፈቃድ በሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሹማችን ባላምባራስ ይመኑ ይባላሉ፤ ሰውነተ ግዙፍ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነበሩ። ያለ ፈቃድ የሰው ገላ የሚያክም ሁሉ ይቀጣል የሚል ትእዛዝ ሲወጣ፣ የአራዳ ወጌሻና ጥርስ ነቃይ ግማሹ ተደበቀ፣ ግማሹ አማላጅ ፍለጋ ሮጠ። አቶ ዘለቀ ሳይጠሩ በማግሥቱ መጡ። ሙሴው የጻፈላቸውን የምስክር ወረቀት ይዘው ነበር። ፈቃዱን ስሰጣቸው ከጀርባው ያለውን ደንብ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሰክሮ የሠራ፣ የማያውቀውን አውቃለሁ ብሎ ሰው የጎዳ፣ እጁ ወይም ዓይኑ ለሥራው የማይበቃ ሰው ፈቃዱን ይመልሳል ይላል።

«እጁ ወይም ዓይኑ አለመብቃቱን የሚያውቀው ማነው?» አሉኝ።

«አቤቱታ ሲቀርብ ሹሙ ይመረምራሉ።»

«አቤቱታ ካልቀረበስ?»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ቸኩያለሁ። «ካልቀረበማ ምን ችግር አለ፣ አቶ ዘለቀ!» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወጡ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የወይዘሮ አስካለ አጋፋሪ አቤቱታ ይዞ መጣ። ወይዘሮ አስካለ ከጊዮርጊስ በላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው ትልቅ እመቤት ነበሩ፤ አጋፋሪው የደጃቸው አዛዥ ነው። ንዴቱ ከእመቤቱ ንዴት ይበልጥ ነበር።

«ጉጠቱ የእሜቴን ደኅና ጥርስ ነቅሎ የታመመውን ትቶት ሄደ! ደሞ የተናገረው ራሱ ነው!»

ባላምባራስ ግራ ገባቸው። «ራሱ ተናገረ?»

«አዎን ጌታዬ፣ በገዛ አፉ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወይዘሮ አስካለን የመሰሉ እመቤት አራዳ በር ላይ አፋቸውን ከፍተው አይቀመጡምና አቶ ዘለቀ የተጠሩት እቤታቸው ድረስ ነው። ያኔ ትልቅ ሰው እቤቱም ቢሆን ሲበላና ሲጠጣ አሽከሮች ኩታ ዘርግተው ይከልሉታል፤ አፍ ሲከፈት የሰው ዓይን ይገባል ተብሎ ይፈራል። ለጥርሱም ያው ሆነ። አራት የቤት ሴቶች ወፍራም ኩታ በእመቤቲቱ ዙሪያ አቁመው ያዙ፤ አቶ ዘለቀም እመከለያው ውስጥ ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ማሳየት ስላፈሩ በጉንጫቸው ላይ ብቻ ጠቆሙ። ጥርሱ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አቶ ዘለቀ እንደ ልማዳቸው ጥርሱን ሊያሳዩ ከኩታው ወጡ። ልባቸው ጠርጥሮ ኖሮ መጀመሪያ በጥፍራቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው እዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ጎኑ ንጹሕ፣ ሥሩ ድፍን ነበር።

አጋፋሪው እንደነገረን እልልታው ገና አላለቀም። ለሐኪሙ የተዘጋጀው አዲስ ሸማ ቀርቧል። ጥርሱን ጨብጠው ቢወጡ ማን ይጠይቃቸዋል? ሕመሙ ሲመለስ «ሌላኛው ደግሞ ጀመረዎት» ማለት ነበር። እሳቸው ግን ተመልሰው «እሜቴ፣ ጥፋት ሠርቻለሁ። ይሄ ደኅና ጥርስ ነው» አሉና ጥርሱን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

ባላምባራስ ነገሩ በሽማግሌ እንዲያልቅ አደረጉ። ሦስት ሽማግሌዎች ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄዱ። እመቤቲቱም «ሸሽጎኝ ቢሆን ኖሮ አልምረውም ነበር» ብለው ይቅር አሉ፤ አቶ ዘለቀም እግራቸው ላይ ወድቀው ይቅርታውን ተቀበሉ። አጋፋሪው እያጉረመረመ መጥቶ አቤቱታውን መተዉን በጣቱ አትሞ ሄደ። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ምን አለ? ሰው ከታረቀ ነገር አለቀ። ባላምባራስ «እሰይ! መዝገቡን ዝጋው» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ በምትገባበት በሥራ ሰዓታቸው፣ አቶ ዘለቀ ቢሯችን መጡ። በዚያ ሰዓት ከወንበራቸው ርቀው አይቻቸው አላውቅም።

«መዝገቡ ተዘጋ ሲሉ ሰማሁ» አሉ።

«ተዘጋ! እንኳን ደስ አለዎት» አሉ ባላምባራስ።

«ይከፈትልኝ።»

«ምን ነካዎት፣ አቶ ዘለቀ? ታርቃችኋል እኮ!»

«ታርቀናል። ይቅርታው የእሜቴ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን መቼ ይቅር አለኝ?»

እኔ አላስችል አለኝ። ጸሐፊ መናገር እንደሌለበት ረስቼ «ጥፋቱ የኩታው እንጂ የእርስዎ ነው እንዴ? ጨለማ ውስጥ አስገብተው አሠርተውዎት!» አልኩ።

አቶ ዘለቀ ወደ ድምፄ ዞሩ። «በሩን ክፈቱ እያልኩ ስንቱን ሰው ያስቸገርኩ፣ ያን ቀን ኩታው ሲዘረጋ ለምን ዝም ያልኩ ይመስልሃል?»

«ትልቅ ሰው ስለሆኑ ፈርተው ነዋ።»

«አይደለም። ጨለማውና ብርሃኑ ለኔ ብዙም ስለማይለያዩ ነው። ዓይኔን ሞራ ከጀመረው ዓመት አለፈው። በጣቴ ነው የምሠራው።»

ባላምባራስ ግን አላመኑም፤ ወይም ማመን አልፈለጉም። ከወንበራቸው ተነሥተው መስኮቱ ሥር ሄዱና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀመጡ።

«አንድ የሚያመኝ ጥርስ አለ። የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ። ካገኙት ፈቃድዎን ይዘው ይሂዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልሰማም» ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

አሽከራቸው ደንግጦ በልማዱ ኩታውን አውልቆ ሊከልላቸው ሮጠ። በተከፈተ አፋቸው «ተወው!» አሉት። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እኔ ከቆምኩበት ጠረጴዛ ጀርባ የጠቆረው ጥርስ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ከታች በስተቀኝ ነው። አሽከሩም አየው። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ደጅ ጠኚዎችም አዩት። አቶ ዘለቀ ጎንበስ ብለው አዩ። ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዘንብለው አዩ። ጣታቸውን ቢያስገቡ ወዲያው ያገኙት ነበር፤ እጆቻቸውን ግን ከኋላቸው አጣምረዋል። በስተቀኝ ነው ብዬ መጮኽ አማረኝ።

«ባላምባራስ፣ አላየሁትም» አሉ።

«ታዲያ ይንኩት እንጂ!»

«የእሜቴንም ነክቼው ነበር።»

ባላምባራስ አፋቸውን ዘግተው ከመስኮቱ ሥር ተነሡ። እንባቸው መጥቶ ነበር። በመጨረሻ «እንግዲያው አይሥሩ፤ ወረቀቱ ግን ይኑርዎት፣ ለክብርዎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ብለው ለመኗቸው።

«ግድግዳ ላይ ካለ ሰው ይመጣል» አሉና ፈቃዱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ፈቃዱን የመለሱበት ምክንያት በቃላቸው መዝገብ ላይ እንዲጻፍ፣ ግልባጩም የቢሮው በር ላይ እንዲለጠፍ። ባላምባራስ ፈቅደው ወጡ፤ ደጅ ጠኚውም ተከትሏቸው ወጣና ሁለታችን ቀረን። አቶ ዘለቀ ቀስ እያሉ ቃላቸውን ሰጡኝ። አጭር አልነበረም። እኔ እየሰማሁ እጄ እምቢ አለኝ። አራዳ ነው ይሄ! ነገ በሩ ላይ ያነበበ ሁሉ እየሣቀ ለሌላው ሊያቀብል ነው፤ ማታውኑ ዘፈን ሊያወጡባቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መሣቂያ ሊሆን? አንጀቴ አልቻለም። «አቶ ዘለቀ በዕድሜ ምክንያት ሥራቸውን ትተዋል» ብዬ ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«አንብብልኝ» አሉኝ።

ያቺን አንዲት መስመር እያየሁ የተናገሩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል ከጭንቅላቴ አነበብኩላቸው። በጽሕፈቴ እንጂ በማስታወስ ችሎታዬ ተመክቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቃሉ በሙሉ ውስጤ ገብቶ ቀርቷል።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ ብዕርህ ግን ቶሎ ዝም አለች» አሉ።

«እጄ ፈጣን ነው፣ አቶ ዘለቀ።»

«ይሁን። የጻፍከውን የምታየው አንተ ነህ» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። በሩ ላይ የለጠፍኩት ግልባጭም ያቺው አንዲት መስመር ነበረች።

ጉጠቶቹን ላይኛው መንገድ ላይ ለሚሠራ ለአንድ ግሪክ ሐኪም ሰጡ። እሳቸው የተዘጋው በራቸው ፊት ለፊት ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ጉንጩን ይዞ የሚመጣውን ሰው «ወደ ላይ ውጣ፤ እኔ ወረቀት የለኝም» ብለው ይመልሱታል። ለምኖ፣ አልቅሶ፣ ዘመድ ነኝ ብሎ ያልሞከረ የለም። እኔም እንደ ድሮው አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ብዙ እንጨዋወታለን፤ ስለ መዝገቡ ግን አንዳችንም አንሥተን አናውቅም። በዓመቱ እኅታቸው መጥተው ወደ ቡልጋ ወሰዷቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ድልድዩ አጠገብ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጉንጯን በሻሽ አስራ ነው የምትውለው። አንድ ቀን ኮረሪማ ስገዛ «ጥርስሽን ነው እንዴ?» አልኳት።

«ጥርሱንማ ጉጠቱ ከነቀሉልኝ ከረመ፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይሄ የሰው ዓይን ነው፣ ወንድሜ። ያልገባሁበት ጠበል የለም።»

«የነቀሉልሽን አሳይተውሽ ነበር?»

«እንዴታ! መዳፌ ላይ አኑረው አሳይተውኛል። ነጭ ነው። እኔ ምኑን አውቃለሁ? እሳቸው ያወጡትን ልጠራጠር?»

ልንገራት? ብነግራት የጻፍኩትን ውሸት ልናገር ነው፤ የሳቸውንም ስም ላጠፋ ነው መሰለኝ። ኮረሪማዬን ይዤ ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ እያልኩ ከረምኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ድልድዩ ላይ ይነግድ የነበረው ሰው ሁሉ ተበተነ። የት እንደደረሰች አላውቅም።

መዝገቡም በጦርነቱ ጊዜ ከቢሮው ጋር ተቃጠለ። ውሸቴ አብሮ ነደደ ብዬ የተደሰትኩበት ቀን ነበር፤ አፍሬ ነው የምናገረው። አሁን አቶ ዘለቀ ሞተዋል፤ ያን ቀን የሰጡት ቃል ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ቃላቸው ይህ ነበር፦

«እኔ ዘለቀ፣ የአራዳ የጥርስ ሐኪም፣ የወይዘሮ አስካለን ደኅና ጥርስ ነቅያለሁ። ጨለማ ስለነበረ አይደለም፤ ዓይኔ መድከሙን እያወቅሁ ስለሠራሁ ነው። እሳቸውን ስላወቅኳቸው ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከሳቸው በፊት የበደልኳቸው ይኖራሉ፤ እነማን እንደሆኑ አላውቅም። እኔ ዘንድ ጥርሱን አስነቅሎ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ካለ፣ በየጠበሉ አይንከራተት። የታመመው ጥርስ እዚያው አፉ ውስጥ ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»